ክሪኩስ ይችላል፤ አሸዋውስ?

መርካቶ፣ የመኪና ዕቃ የሚሸጥበት ሱማሌ ተራ ገብታችሁ ክሪክ (መኪና ማንሻ) ብትጠይቁ ወሬው በቶን ይጀምራል፣ በቶን ያልቃል። ባለ 2፣ ባለ 3፣ ባለ 5፣ ባለ 10። ገዢው «ስንት ያነሳል?» ይላል። ሻጩ ቁጥር ይጠራል። ትልቁ ቁጥር ያሸንፋል። አስፋልት ላይ ለሚውል መኪና ይሄ ብዙም ችግር የለውም። ከአስፋልት ለሚወርድ መኪና ግን ቶን መጨረሻ ላይ የሚጠየቅ ነገር ነው። ከሱ በፊት የሚመጡ ጥያቄዎች አሉ። ክሪኩ ተዘግቶ ቁመቱ ስንት ነው? ምን ላይ ይቆማል? የመኪናውን የትኛውን ቦታ ይይዛል? መኪናው ሲነሳ እንዳይሄድ የሚይዘውስ ማን ነው?

እነዚህን ጥያቄዎች በአንድ ከሰዓት በኋላ ሁሉንም ያስነሳ ጉዳይ አለ። የሰውም የድርጅትም ስም አልጠራም፤ ለነገሩም አያስፈልግም። ቦታው አፋር ነው፤ ከኤርታሌ ስር፣ ዶዶም ከሚባለው ሰፈር ወደ ሐመድ ኤላ በሚመልሰው መንገድ ላይ። መኪናው ቶዮታ ላንድክሩዘር 70 ሲሪስ ነው፤ ሃርድቶፕ የምንለው፣ ከኋላ በባሌስትራ (በተደራራቢ የብረት ስፕሪንግ) የሚሄደው። ጎማው 7.50 በ16። ጣሪያው ላይ የውሃ ጀሪካን፣ የነዳጅ ጀሪካን፣ ፍራሽና የማብሰያ ዕቃ ተጭኗል። የእኔ ሥራ ጥገና ነው። በዚያ ጉዞ ከኋላ በሚከተለው መኪና ውስጥ ነበርኩ።

ድንጋዩ ያቆሰለውን አሸዋው ጨረሰው

ኤርታሌ ከባህር ወለል በላይ 613 ሜትር ብቻ ነው። የሚያስቸግረው ቁመቱ ሳይሆን መንገዱ ነው። ከሐመድ ኤላ ስትነሱ መጀመሪያ ደረቅ ሜዳ ታገኛላችሁ፣ ቀጥሎ ልል አሸዋ፣ ወደ እሳተ ገሞራው ስትጠጉ ደግሞ ቀዝቅዞ የጠነከረ ጥቁር የላቫ ድንጋይ። አሸዋውና ድንጋዩ ከጎማ የሚፈልጉት ተቃራኒ ነገር ነው። አሸዋው ጎማው እንዲተነፍስ ይፈልጋል። ድንጋዩ ደግሞ እንዲነፋ ይፈልጋል፤ የተነፈሰ ጎማ ሆዱ ወደ ጎን ስለሚወጣ የላቫው ስለት የሚያገኘው ያንን ስስ ጎኑን ነው።

ስለዚህ ደንቡ አሸዋው ላይ መቀነስ፣ ድንጋዩ ላይ መሙላት ነው። እውነቱን እንነጋገር ካልን ግን በዚያ ሙቀት በየደረሰበት ኮምፕረሰር የሚያወጣ ሹፌር ብዙ አይታይም። አብዛኛው ሰው አሸዋው ጋ ሲደርስ ይቀንሳል፣ በዚያው ደርሶ ይመለሳል። ይሄኛውም ሹፌር ያደረገው እሱን ነው። የኋላ ቀኝ ጎማው ድንጋዩ ላይ ጎኑ ተቆረጠ። ቁርጡ ጠባብ ስለነበር አየሩ ቀስ እያለ ወጣ፤ ማንም አላየም። ጎማው ሙሉ በሙሉ የተኛው መኪናው ከልሉ አሸዋ ሊወጣ ሲል ነው።

ሹፌሩ ልምድ ያለው ሰው ነው። አሸዋው መሀል አልቆመም። ትንሽ ገፋ አድርጎ ጠንከር ያለ የሚመስል ቦታ ላይ አውጥቶ አቆመ። ተሳፋሪዎቹን አስወረደ፣ ራቅ ብለው እንዲቆሙ አደረገ። የእጅ ፍሬን ሳበ። አንደኛ ማርሽ አስገብቶ ሞተሩን አጠፋ። እዚህ ድረስ ብዙ ሹፌር ከሚያደርገው በላይ አድርጓል።

ከመቆሙ ጥቂት ቀደም ብሎ ግን መሬቱ ጠንከር ሲልለት የፎር ዊሉን ዘንግ ወደ ቱ ኤች፣ የኋላ ጎማዎች ብቻ ወደሚነዱበት፣ መልሶት ነበር። ይቺን ያዙልኝ።

ረጅሙን አምጣ

መኪናው ሁለት ክሪክ ይዟል። አንዱ ከመቀመጫ ስር የሚቀመጠው፣ ጠርሙስ የሚመስለው አጭር ሃይድሮሊክ ነው። ሌላው ከኋላ በር ላይ የታሰረው ረጅም ሃይ ሊፍት ነው፤ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው የብረት ዘንግ፣ በዘንጉ ላይ ጥርስ እየነከሰ የሚወጣ መንጋጋ፣ ረጅም እጀታ።

ረዳቱ አጭሩን ይዞ አክስሉ (የኋላ ጎማዎቹን የሚያገናኘው ብረት) ስር ገባ። አልገባለትም። ይሄ ሊገርመን አይገባም። 7.50 በ16 ጎማ ሲነፋ ቁመቱ 80 ሳንቲም ገደማ ነው፤ የአክስሉ ቱቦ ሆድ ከመሬት ወደ 34 ሳንቲም ይርቃል። ጎማው ሲተኛ ግን መኪናው በቸርኬው (በጎማው ብረት) ላይ ነው የሚቀመጠው። ቱቦው ወደ 20 ሳንቲም ይወርዳል። አሸዋ ውስጥ ትንሽ ሰመጥ ካለ ደግሞ ከዚያም ያንሳል። የነሱ ክሪክ ተዘግቶ ከ20 በላይ ነበር። ጋራዥ ውስጥ፣ በተነፋ ጎማ፣ ሁልጊዜ እየገባ ሲያነሳ የኖረ ክሪክ ነው። የተኛ ጎማ ባለበት መኪና ስር ግን ተሞክሮ አያውቅም።

«ጋሼ፣ ትንሽ ብንቆፍርለትስ?» አለ ረዳቱ።

«በዚህ ፀሐይ? ረጅሙን አምጣ ባክህ።»

ረጅሙ መጣ። የኋላ ፓራውርት (የግጭት መከላከያው) ቀኝ ጫፍ ስር ገባ። እግሩን መሬት ላይ ሲያቆሙት ሰመጠ፤ ላዩ ቅርፊት የያዘ፣ ስሩ ልል አሸዋ ነበር። ከአካባቢው አንድ ጠፍጣፋ የላቫ ድንጋይ አምጥተው ከእግሩ ስር አደረጉ። ድንጋዩ ከስሩ እኩል ስላልነበር ሲጫኑት ይወዛወዛል። ሹፌሩ በጫማው ረገጥ ረገጥ አድርጎ አደላደለውና እጀታውን ይዞ ከፍ ዝቅ ማድረግ ጀመረ።

ያየሁትን ልንገራችሁ። እጀታው ሲወርድ ቀጭ ይላል፣ ገላው ይነሳል። ቀጭ፣ ይነሳል። ቀጭ፣ ይነሳል። ጎማው ግን ከመሬት ንቅንቅ አይልም። ሰው ሁሉ የሚያየው የሚነሳውን ገላ ነው። ባሌስትራው ግን ተጨንቆ ከነበረበት ቀስ እያለ እየተዘረጋ ነው፤ ጎማው የሚከተለው እሱ ተዘርግቶ ሲያልቅ ነው። ስለዚህ ጎማው ከመሬት ሊላቀቅ ሲል የመኪናው ቂጥ ወደ ላይ ተሰቅሎ ነበር። ፓራውርቱ ከአክስሉ ኋላ ስለሆነ ደግሞ የሚነሳው ከአክስሉ አብልጦ ነው። ጀሪካኖቹ ጣሪያ ላይ አሉ። የጎማው ቡሎኖች ገና አልላሉም።

ረዳቱ የጎማ መፍቻውን ሊያመጣ ዞር አለ። በዚያ ቅጽበት ጎማው መሬቱን ለቀቀ። መኪናው ወደ ፊት ሄደ። ሄደ ስል አንድ መዳፍ ያህል ነው፤ ሮጠ ማለቴ አይደለም። ያቺ አንድ መዳፍ በቃች። ድንጋዩ ተንሸራተተ፣ የክሪኩ ዘንግ ወደ መኪናው ተጋደመ፣ ፓራውርቱ ከመንጋጋው ወጣ፣ መኪናው በተኛው ጎማው ላይ ዘጭ አለ። የዘንጉ ጫፍ የኋላውን በር ቦርቡሮ ገባ። እጀታው ሹፌሩ ቀድሞ ስለለቀቀው አየር ላይ ተወርውሮ ወደቀ። ሹፌሩ ከጎን ቆሞ ስለነበር አልነካውም።

ማንም አልተጎዳም። ረዳቱ ግን መፍቻውን ይዞ ቢሆን ኖሮ በዚያች ሰዓት ጎማው ፊት ተንበርክኮ ነበር የሚገኘው።

መኪናው ለምን ሄደ?

እዚያው ቆመን ብዙ ተከራከርን። ሹፌሩ «ማርሽ ውስጥ ነበር፣ የእጅ ፍሬንም ስቤያለሁ» ይላል። እውነቱን ነው። ነገሩ ሁለቱም እንዳይሠሩ ያደረገው ራሱ ክሪኩ መሆኑ ነው።

በቱ ኤች ላይ ሞተሩ የሚይዘው የኋላ ጎማዎቹን ብቻ ነው። በሞተሩና በጎማዎቹ መሀል ደግሞ ዲፈረንሻል አለ። የዲፈረንሻል ሥራ ሁለቱ ጎማዎች በተለያየ ፍጥነት እንዲዞሩ መፍቀድ ነው። ሁለቱም መሬት ላይ እስካሉ ድረስ የታሰረ ሞተር መኪናውን ይይዘዋል። አንዱ አየር ላይ ከወጣ ግን ያ ጎማ እንዳሻው ወደ ኋላ ይሽከረከራል፣ ሌላው ወደ ፊት ይሄዳል፣ ሞተሩ ከነማርሹ ምንም ሳይሰማው ቁጭ ይላል። ማርሹ የያዘው ጎማው መሬት እስከሚለቅ ድረስ ብቻ ነበር።

የእጅ ፍሬኑም የኋላ ጎማዎች ላይ ነው የሚሠራው። አንዱ ተነስቷል። የቀረው አንዱ ብቻውን ሦስት ቶን ገደማ የሚሆን የተጫነ መኪና መያዝ አለበት። አፋር ውስጥ የሚመላለስ መኪና የእጅ ፍሬን ምን እንደሚመስል የሠራበት ያውቀዋል። አቧራው ታምቡሩ ውስጥ ይገባል፣ የፍሬን ሸራው ያልቃል፣ ገመዱ ይላላል፣ ማንም ደግሞ አስተካክሉልኝ ብሎ አይመጣም፤ ሜዳ ላይ ስለሚቆም የሚሠራ ይመስለዋል። በኋላ ሐመድ ኤላ ደርሰን ሜዳው ላይ ፈተንነው። በአንደኛ ማርሽ ሞተሩ በቀላሉ ጎተተው።

ከዚህ የሚብሱ አሮጌ መኪኖችም አሉ። በአንዳንድ የድሮ ላንድክሩዘሮችና ላንድሮቨሮች የእጅ ፍሬኑ ጎማው ላይ ሳይሆን ከካምቢዮው ኋላ ባለው ዘንግ ላይ ነው ያለው። እነሱ ላይ አንድ የኋላ ጎማ ከተነሳ ፍሬኑ የቱንም ያህል ቢጠነክር በዲፈረንሻሉ በኩል ያመልጣል። እንዲህ ያለ መኪና የያዘ ሰው የእጅ ፍሬኑን ከነመኖሩ ቢረሳው ይሻለዋል።

መድኃኒቱ ሁለት ነው። አንደኛው በፎር ኤል (አራቱም ጎማ በከባዱ ማርሽ በሚነዱበት) ማርሽ ማስገባት፤ የፊት ጎማ ሃቦች (ጎማውን ከአክስሉ ጋር የሚያገናኙት መቆለፊያዎች) እጅ የሚያዞራቸው ከሆኑ መቆለፋቸውን ማየት። ያኔ የፊት አክስሉም አብሮ ይታሰራል፣ ሁለት የፊት ጎማዎች መሬት ላይ ሆነው መኪናውን ይይዛሉ። ሁለተኛው ታኮ ነው፤ ጎማው እንዳይንከባለል ከስሩ የሚደገፈው። የጭነት መኪና ረዳት ከመኪናው ሳይወርድ ታኮ በእጁ ነው። የትንሽ መኪና ሰው ግን ታኮ ማለት የአይሱዙ ጉዳይ ይመስለዋል። በዚያ ቦታ ዙሪያውን የላቫ ድንጋይ ተዘርግቷል፤ ታኮ የሚሆን ነገር ከጎማው ሁለት እርምጃ አይርቅም ነበር። ሁለት የፊት ጎማ፣ ከፊትም ከኋላም፣ በአጠቃላይ አራት ድንጋይ።

ሹፌሩ የሚያውቀው ስሌት

አሁን ወደ አሸዋው። እዚህ ላይ የሚገርመኝ ነገር አለ። ጠዋት አሸዋው ጋ ሲደርስ ይሄው ሹፌር ነበር የጎማውን አየር ከ40 ወደ 18 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ) ያወረደው። ለምን? ጎማው ሰፍቶ እንዳይሰምጥ። ጎማ መሬትን የሚጫነው በግምት በውስጡ ባለው አየር ልክ ነው። 40 ፒኤስአይ ማለት በአንድ ካሬ ሳንቲሜትር 2.8 ኪሎ ገደማ ነው፤ በዚህ ይሰምጣል። 18 ማለት ከ1.3 ኪሎ በታች ነው፤ በዚህ ይንሳፈፋል። ሹፌሩ ቁጥሩን በዚህ መልክ ላይናገረው ይችላል፤ በእጁና በዓይኑ ግን ከማናችንም በላይ ያውቀዋል።

ያንኑ ስሌት ለክሪኩ እናድርገው። የሃይ ሊፍት እግር 28 ካሬ ኢንች፣ ማለትም 180 ካሬ ሳንቲሜትር ገደማ ነው። የተጫነ ሃርድቶፕን አንድ የኋላ ጥግ ለማንሳት ወደ 800 ኪሎ ያህል ይፈልጋል እንበል። 800 ለ180 ሲካፈል 4.4 ኪሎ ነው። በ2.8 የሚሰምጥ መሬት ላይ በ4.4 መቆም። የአጭሩ ክሪክ እግር ደግሞ ከዚያም ያነሰ ነው፤ 120 ካሬ ሳንቲሜትር ቢሆን ወደ 6.7 ኪሎ ይደርሳል። 3 ቶን ያነሳል የሚለው ጽሑፍ ውሸት አይደለም። ሦስት ቶኑን የሚያነሳው ግን የጋራዥ ሲሚንቶ ላይ ነው።

ከስሩ 40 በ40 ሳንቲሜትር የሆነ ወፍራም ጣውላ ስታደርጉ 1,600 ካሬ ሳንቲሜትር ይሆናል። 800 ለ1,600 ግማሽ ኪሎ ነው። አሸዋው አያስተውለውም። አንድ ቁራጭ ጣውላ ሌላ ክሪክ ከመግዛት በላይ የሠራ መሆኑ የክሪክ ነጋዴን አያስደስተውም መቼም።

ጠፍጣፋ ድንጋይ ለምን አይሆንም? ስፋቱ ይበቃ ይሆናል። ችግሩ ሆዱ ነው። ከላይ ጠፍጣፋ የሆነ ድንጋይ ከስር ጉብታ ካለው ክሪኩ የቆመው በጉብታው ላይ ነው። ብረት ድንጋይ ላይ ሲጫን ደግሞ ይንሸራተታል። ጣውላ ግን ብረቱን ትንሽ ወደ ውስጥ ያስገባዋል፣ ይይዘዋል።

ሁለተኛው ማንሳት

ንዴቱ በረድ ሲል ሥራው እንደገና ተጀመረ። ሁለቱ የፊት ጎማዎች ታኮ ተደረገላቸው። ፎር ኤል፣ አንደኛ ማርሽ። ጀሪካኖቹ ከጣሪያው ወረዱ። ይሄ ሰው ሁሉ የሚያጉረመርምበት ሥራ ነው። ነገር ግን አንድ ባለ 20 ሊትር የውሃ ጀሪካን 20 ኪሎ ነው፤ ስድስት ጀሪካን 120 ኪሎ። ያ ሁሉ ከጭንቅላት በላይ ሆኖ ከጎን ወደ ጎን ሲወዛወዝ ክሪኩ ላይ ያለውን ነገር አስቡት።

ጎማው መሬት ላይ እያለ ቡሎኖቹ በሩብ ዙር ላሉ። ይሄ ቅደም ተከተል ነገር ለማሳመር አይደለም። የጠበቀ ቡሎን በመፍቻ ላይ ቆሞ በሙሉ ኪሎ ነው የሚፈታው። ያንን ጉልበት መኪናው ክሪክ ላይ ተሰቅሎ ካወጣችሁት የምትፈቱት ቡሎኑን ሳይሆን ክሪኩን ነው።

ከዚያ አካፋው መጣ። ረዳቱ ከአክስሉ ስር ቆፈረ። ለክሪኩ ብቻ ሳይሆን ለጣውላውም ነው የሚቆፈረው፤ ጣውላው አራት አምስት ሳንቲም ይበላልና። ጣውላው ደልዳላ ተቀመጠ። አጭሩ ክሪክ በላዩ፣ ቀጥ ብሎ። ያረፈው በአክስሉ ቱቦ ላይ ነው፤ ባሌስትራውን ከአክስሉ ጋር ወደሚያስሩት ቡሎኖች ተጠግቶ፣ ከነሱ ወደ ውስጥ። ዲፈረንሻሉ ስር አይደለም። ዲፈረንሻሉ መሀል ላይ ስለሆነ መኪናውን እንደ ሚዛን ወዲያና ወዲህ ያስደፋዋል፤ ሆዱም ክብ ነው።

ቆፍረው ሲጨርሱ ሹፌሩ ዓይኑን ጨፈን አድርጎ «አሁንም ባይገባስ?» ብሎኝ ነበር። ያኔ ሌላ ዘዴ አለ። የተኛውን ጎማ አንድ ግማሽ ዙር አስነድቶ ጣውላ ወይም የተስተካከለ ድንጋይ ላይ ማውጣት። አክስሉ ጥቂት ሳንቲም ይነሳል፣ ክሪኩ ይገባል። ያ ጎማ የሞተ ነው፤ ግማሽ ዙር ቢነዳበት ከዚህ በላይ አይጎዳም።

አክስሉን ስታነሱ ባሌስትራው አይዘረጋም። ስለዚህ ጎማው ወዲያው ነው ከመሬት የሚላቀቀው። በፓራውርት ሲነሳ ወደ ላይ ተሰቅሎ የነበረው ገላ አሁን ብዙም አልተነቃነቀም። ሥራው ሁሉ ዝቅ ብሎ ነው የተሠራው።

ስኮርታው (ትርፍ ጎማው) ወርዶ ከሻንሲው (ከመኪናው የብረት አጽም) ስር ተጋድሞ ገባ። ክሪኩ ቢከዳ መኪናው የሚወድቀው በስኮርታው ላይ ነው፤ በሰው እጅም በታምቡሩም ላይ አይሆንም። የተበላሸው ጎማ ሲወጣ እሱ በስኮርታው ቦታ ይገባል፣ ስኮርታው ይወጣል። በመሀሉ ባዶ የምትሆነው ቅጽበት አጭር ነች። ማንም ሰው ደግሞ በዚህ ሁሉ መሀል ከመኪናው ስር አይገባም። እጅ ብቻ፣ እሱም ለአጭር ጊዜ።

አንድ ነገር ብዙ ሰው የሚያስቸግረው እዚህ ላይ ነው። የተኛውን ጎማ ለማውጣት የበቃ ከፍታ የተነፋውን ለማስገባት አይበቃም። ክሪኩ ጫፉ ደርሶ ከቆመ ሰዉ የሚያደርገው ተጨማሪ ድንጋይ ፍለጋ መሄድ ነው። አሸዋ ላይ መፍትሔው ወደ ታች ነው። ጎማው የሚያርፍበትን ቦታ መቆፈር። ረዳቱ በአካፋው ሦስት አራቴ ዛቅ አደረገ፣ ስኮርታው ገባ። ክሪኩ አንድ ሳንቲም አልጨመረም።

ቡሎኖቹ ተሻግረው በተራ ተያዙ፣ መኪናው ወረደ፣ መሬት ላይ ጠበቁ። ሐመድ ኤላ ሲደርሱ እንደገና መፍቻ ተደረገባቸው፤ ሁለቱ ትንሽ ዞሩ።

የባለቤቱ ግዢ

አዲስ አበባ ስንመለስ ባለቤቱ «የትኛውን ክሪክ ልግዛ?» አለ። መልሴ ከመግዛትህ በፊት ለካ የሚል ነበር። መኪናውን ግቢ ውስጥ አቆምን፣ የአንዱን የኋላ ጎማ አየር ሙሉ በሙሉ አወጣን፣ ከሲሚንቶው እስከ አክስሉ ቱቦ ያለውን ለካን። ከዚያ ያንን ጎማ በሙሉ አየር ነፍተን፣ መሬቱን እስኪለቅ አንስተን እንደገና ለካን። የሚያስፈልገው ክሪክ በነዚህ ሁለት ቁጥሮች መሀል የሚሠራ ነው። ተዘግቶ ከመጀመሪያው ማነስ አለበት፤ ተዘርግቶ ከሁለተኛው መብለጥ አለበት። የፊቱንም እንዲሁ። ልኬቱ ሩብ ሰዓት አይፈጅም።

ሁለቱን በአንድ የሚያሟላው ባለ ሁለት ደረጃው ሃይድሮሊክ ነው፤ አንዱ ፒስተን ከሌላው ውስጥ የሚወጣው። ተዘግቶ ያጥራል፣ ሲዘረጋ ይረዝማል። ቶኑን በተመለከተ፣ ለዚህ መኪና 3 ወይም 4 ቶን የሚል ይበቃል። ባለ 10 ቶኑ ብዙ ጊዜ ተዘግቶ ይረዝማል፣ ይከብዳል፣ አክስሉ ስር አይገባም። ትልቁ ቁጥር የሚያሸንፈው ጠረጴዛ ላይ ነው።

ጎማ ያለው የጋራዥ ክሪክ ጎማዎቹ አሸዋ ውስጥ ይቀበራሉ፤ ጋራዡ ውስጥ ይቆይ። የትንሽ መኪና መቀስ ክሪክ ለዚህ ክብደት አልተሠራም። በጭስ ማውጫው አየር የሚነፋ የከረጢት ክሪክም አለ። ለአሸዋ ድንቅ ነው፤ ሰፊ ነው፣ ዝቅ ብሎ ይገባል፣ ሊሰምጥ አይችልም። ነገር ግን ገላውን ነው የሚያነሳው፣ ወደ ጎን ይዋልላል፣ የላቫ ድንጋይ ባለበት መንገድ ደግሞ ጎማን የቆረጠ ስለት ከረጢትን አይምርም። ለኤርታሌ አልመክረውም።

የቶን ጽሑፍ ብቻውን ዋስትና እንዳልሆነ የሚያሳይ የቅርብ ጊዜ ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ2020 ሃርበር ፍሬት የተባለው የአሜሪካ መሣሪያ ሻጭ ባለ 3 እና ባለ 6 ቶን የመኪና ማቆሚያ ስታንዶቹን መልሶ ሰበሰበ። ችግሩ ብረቱ ክብደት አለመቻሉ አልነበረም። ስታንዱን ባለበት ከፍታ የሚይዙት ጥርሶች በቅጡ ሳይነክሱ ቀርተው ድንገት ሊወርድ ይችል ነበር። በምትኩ ከሰጣቸው መካከል አንዳንዶቹ ደግሞ በብየዳ ጉድለት ምክንያት ተመልሰው ተሰበሰቡ። ክሪክም ስታንድም ስትገዙ ጥርሱን፣ ብየዳውንና እግሩን እዩ። ሃይድሮሊክ ከሆነ ጭነት አስይዛችሁ ለጥቂት ጊዜ አቆዩት፤ ቀስ እያለ ከወረደ ጎሚኒው (ዘይቱን የሚያግደው ላስቲክ) አልቋል ማለት ነው።

ግዢው በዚህ አለቀ። ባለ ሁለት ደረጃ ክሪክ፣ በሁለት ድርብ የተመታ 40 በ40 ጣውላ፣ አራት ታኮ፣ አንድ አጭር አካፋ።

ረጅሙስ?

ባለቤቱ ረጅሙን ክሪክ ሊሸጠው ነበር። ሹፌሩ አልተዋጠለትም። «ያለ ሃይ ሊፍት አሸዋ አልገባም፣ ይቅርታ ጌታዬ» አለ። በዚህ ላይ ከሹፌሩ ጋር ነኝ።

ሃይ ሊፍት አሜሪካ ውስጥ፣ ኢንዲያና ግዛት ብሉምፊልድ በተባለች ከተማ እ.ኤ.አ. ከ1905 ጀምሮ የሚሠራ የገበሬ መሣሪያ ነው። የአጥር እንጨት ይነቅላል፣ ይጎትታል፣ ይገፋል፣ ያጣብቃል። ፋብሪካው የሚሰጠው የማንሳት አቅም 4,660 ፓውንድ ነው፤ 2,113 ኪሎ። ጎማው ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ሆዱ መሬት የነካ መኪናን አንስቶ ከጎማው ስር ድንጋይ ለመጠቅጠቅ ከሱ የሚሻል የለም። ጎማ ለመቀየር ግን ክፉ ምርጫ ነው። በአንድ ቀጭን ዘንግ ላይ የቆመ ነው፣ ወደ የትም ሊዘም ይችላል፣ መኪናውም በላዩ ላይ አብሮ ይዘማል። ስለዚህ ስምምነቱ ይሄ ሆነ፤ ረጅሙ ለማውጣት፣ አጭሩ ለጎማ።

እሱም ቢሆን የሚይዘው ቦታ ይፈልጋል። ክብና ለስላሳ ፓራውርት ላይ አይሆንም። መንጋጋው የሚገባበት ክፍት ያለው የብረት ፓራውርት ወይም ሻንሲው ላይ የተበየደ ማንሻ ያስፈልጋል። ይሄ መኪና ኋላው ላይ ምንም አልነበረውም፤ አሁን ሁለት ተበየደለት።

ለተጠቃሚው ደግሞ አደጋው እጀታው ነው። ከፍ ሲደረግም ዝቅ ሲደረግም ክብደቱ በእጀታው በኩል ይመለሳል፤ ዝቅ ሲደረግ ይብሳል። ጭንቅላት በእጀታው መንገድ ላይ መሆን የለበትም፤ አገጭ ከእጀታው በላይ አጎንብሶ የሚያወርድ ሰው አገጩን እየቸረቸረ ነው። እጀታው በሁለት እጅ ይያዛል። ማንሳቱ ሲቆም ዘንጉ ላይ ተጣብቆ ይታሰራል፣ መሀል ላይ ተንጠልጥሎ አይተውም። ደግሞ ጭነት ከሌለው፣ ከ70 ኪሎ በታች ከሆነ፣ ደረጃ በደረጃ አይወርድም፤ በአንዴ ሸርተት ይላል።

የመጨረሻው ነገር ፒኖቹ ናቸው። መንጋጋውን የሚያወጡትና የሚያወርዱት ሁለት ትንንሽ ፒኖች በየተራ ቀዳዳው ውስጥ ገብተው መውጣት አለባቸው። ከኋላ በር ላይ ተሰቅሎ የሚሄድ ክሪክ አቧራውን ሁሉ ይጠጣል። አንዱ ፒን ከደረቀ መኪናውን አየር ላይ ሰቅሎ አልወርድም ይላል፤ ያኔ ሰው መዶሻ ይዞ ይመጣል፣ ያ ደግሞ ሌላ ታሪክ ነው። አሁን ክሪኩ ተፈቶ በሸራ ተጠቅልሎ ውስጥ ይገባል። ከጉዞ በፊት ረዳቱ ፒኖቹን በናፍጣ ያጥባል፣ ቀጭን ዘይት ጠብ ያደርግባቸዋል፣ ባዶውን ከታች እስከ ላይ አንዴ ያስኬደዋል። ግሪስ አይነካውም፤ ግሪስ አቧራውን ይዞ ፒኑን መልሶ ያስረዋል።